ወፏ የጠራችው ስም

መርሳ ላይ፣ ከትልቁ መንገድ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ የስምንተኛ «ለ» ክፍል ግድግዳ ለብዙ ዓመት አንድ ሰፊ ወረቀት ተሸክሞ ኖሯል። መሐሉን የክረምት ፍሳሽ አጠይሞት ነበር፤ አንዱን ጥግ አይጥ ቀምሳዋለች። ጽሑፉ ግን እስከ መጨረሻው ይነበብ ነበር። የሸዋዬ ፈንታው እጅ ነዋ! የእሷ ፊደል መስመር በሌለው ወረቀት ላይ እንኳ አይንጋደድም።

ሸዋዬ የውርጌሳ ልጅ ናት። ደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ገብታ ስትወጣ ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማስተማር ብቻ ነው። ባል አገባች፣ ፈታች፣ ሁለት ልጆች አሳደገች፤ ጠመኔውን ግን ከእጇ አላስቀመጠችም። በደርግ ጊዜ የፖለቲካ ትምህርት አስተምሪ አሏት፣ አስተማረች። ደርግ ወደቀና ያ መጽሐፍ ተሰብስቦ መጋዘን ገባ። ዓመታት አለፉ፣ ደግሞ «ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር» የሚባል መጣ። ወጣቶቹ መምህራን ሸሹት። «መንግሥት ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ትምህርት ምን ያደርግልኛል?» እያሉ ወደ ሒሳቡና ወደ ሳይንሱ ዞሩ። «እትዬ ሸዋዬ፣ እርስዎ ልምዱ አለዎት» ተባለና ለእሷ ተሰጠ።

መጀመሪያ እንደ ግዳጅ ነበር የያዘችው። ከዚያ አንድ ምዕራፍ አገኘች፤ «የሕግ የበላይነት» ይላል። ሹሙም ተራው ሰውም ከሕግ በታች ነው፤ ማንም ሳይሰማ፣ ማስረጃም ሳይቀርብበት አይቀጣም ይላል። አንብባ ስትጨርስ ከመጀመሪያው ጀምራ ደግማ አነበበችው። ልጆቹ ይህን ለፈተና ሸምድደው እንዲረሱት አልፈለገችም። እንዲገባቸው ፈለገች።

ዘመኑ ዘጠና አምስት ነው፤ መስከረም። ስምንተኛ «ለ»ን ሰብስባ፣

«ዘንድሮ ሕጉን የምታወጡት እናንተ ናችሁ» አለቻቸው። «እኔ እጽፋለሁ።»

ልጆቹ መጀመሪያ የቀለደችባቸው መሰላቸው። ቆይተው ግን አፋቸው ተከፈተ፤ ማን ይመልሳቸው! ያረፈደ ምን ይሁን፣ የሰው እስክሪብቶ የወሰደ ምን ይሁን፣ በክፍል የተሳደበ ምን ይሁን። ቅጣቱ ላይ ከተጨቃጨቁ በኋላ አንድ ላይ ተስማሙ፤ ያጠፋ ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ብቻውን ክፍሉን ውሃ ረጭቶ ይጠርጋል። አንቀጽ አራትን ከመጽሐፉ ወስዳ ያስገባችው ሸዋዬ ናት፦ «ማንም ሳይሰማና ማስረጃ ሳይቀርብበት ጥፋተኛ አይባልም።»

ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ሚስባህ እጁን አወጣ። ሚስባህ ከኋላ ወንበር የማይጠፋ፣ ጥያቄው መምህር የሚያስጨንቅ ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ እርስዎ ቢያጠፉስ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሸዋዬም ሳቀች።

«እኔም ብሆን።»

«ይጻፍልን!»

ጻፈችው። አንቀጽ ዘጠኝ፦ «በዚህ ሕግ መምህርም ተማሪም እኩል ነው።» አርባ አንድ ልጆች ፈረሙ፤ እሷም ከሥር ፈረመች። የሕጉ ጠባቂ ደግሞ የክፍሉ አለቃ ሆነች፤ ቡርቱካን። ቡርቱካን የግራና ልጅ ናት። መርሳ ያለችው አክስቷ ዘንድ ነው፤ አክስቷ አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት ማንጎ የምትሸጥ ናት። ልጅቷ ቀጭን ናት፣ ድምፅ የላትም፣ ግን ፊት አታይም። ያጠፋውን ሁሉ በደብተሯ ትጽፋለች። ጓደኛዋንም ጽፋለች፣ የርእሰ መምህሩን የእህት ልጅም ጽፋለች። ካሳዬ የሚባለውን ጎረምሳማ አራት ጊዜ አስጠርጋዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ መቼም አይወደድም።

ሚያዝያ ገባ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ራዲዮን ጠፋ። የራዲዮን ትምህርት የሚሰሙበት፣ ወረዳው የሰጣቸው ትልቁ ራዲዮን ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስምንተኛ «ለ» ነበር የሰማበት፤ ተረክባ የፈረመችው ደግሞ ሸዋዬ ናት።

ርእሰ መምህሩ፣ ወንድሙ የሚባለው፣ ወጣት ነው፣ ቁጡ ነው፣ ወረዳውንም ይፈራል። ክፍሉን በሙሉ ሜዳ አውጥቶ በጉልበታቸው አስቆማቸው።

«ሌባው እስኪወጣ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ የለም!»

የመርሳ የሚያዝያ ፀሐይ እንዴት ያለ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት ልጅ መንገዳገድ ስትጀምር ሸዋዬ አላስቻላትም። ልጆቹን ከፀሐይ ለማውጣት ቸኮለች፤ ስትቸኩል ደግሞ እጇ ላይ የመጣላት ያደገችበት ነገር ነው።

«ወንድሙ፣ ተዋቸው። እንደ አገራችን አውጫጭኝ እናድርግ።»

አባቷ አቶ ፈንታው በንጉሡ ጊዜ ጭቃ ሹም ነበሩ። ውርጌሳ ላይ ከብት ጠፋ፣ ጎተራ ተዘረፈ ሲባል አገሩን ከዋርካው ሥር ይሰበስቡታል። ነገሩ ሳይለይ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው ፊት ለፊት አይናገርም፤ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ሹክ ይላል። ሽማግሌዎቹ ይወጡና «ወፏ እገሌን ጠራች» ይላሉ። ወፏ ማን እንደሆነች አትጠየቅም። ሸዋዬ ይህን ስታይ ነው ያደገችው፤ ከዱላ የተሻለ፣ የሕዝብ ፍርድ መስሎ ነበር የሚታያት።

ወንድሙ ወደደው። ልጆቹ ክፍል ገቡ፤ ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ወረቀት ታደለ። «ወሰደ የምትሉትን ጻፉ። ስማችሁን አትጻፉ።» ሸዋዬ ራሷ በቁና ሰበሰበችው፣ ራሷ ቆጠረችው። ዘጠኙ ባዶ ወይም «አላውቅም» ነው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ በደቃቅ ፊደል «አላየሁም» የሚል አለ፤ የጥፋት ደብተሩን የሚጽፈው እጅ መሆኑን ታውቃለች። አሥራ ሦስቱ የተበታተነ ስም ነው። አሥራ ዘጠኙ ግን ሁሉም አንድ ስም ነው።

ቡርቱካን።

ወንድሙ ቁናውን አንሥቶ፣

«በቃ! ወፏ ተናገረች» አለ። «ዛሬውኑ ከትምህርት ቤት ተሰናብታለች። ከሚኒስትሪ ፈተና ዝርዝርም ስሟ ይሰረዛል።»

ቡርቱካን ቆመች። አፏን ከፈተች፤ ማንም «ምን ትያለሽ?» አላላትም። ደብተሮቿን በነጠላዋ ጠቀለለች። በበሩ ስትወጣ ግድግዳውን ቀና ብላ አየችው። ሸዋዬ ያንን ዓይን አየችው፤ አየችውና ጥቁር ሰሌዳውን መጥረግ ጀመረች።

በማግስቱ ረቡዕ ነው። ትምህርቱ ካቆሙበት መቀጠል አለበት፤ ያቆሙት ደግሞ የሕግ የበላይነት ላይ ነው። ሸዋዬ ርእሱን ጻፈችና ዞር ስትል የሚስባህ እጅ ወጥቷል።

«ቲቸር፣ የትናንቱ ስንተኛው አንቀጽ ነው?»

«የትናንቱ ምን?»

«በወረቀት ስም መጻፉ። ፈልጌ አጣሁት። አራትን አነበብኩ፤ አራት እንኳ እንዲህ አይልም።»

ካሳዬ ከመሐል፣ «አንተ ደግሞ ጠበቃ ሆንክ? ዝም በልና ተማር!» አለው።

«እየተማርኩ እኮ ነው!»

የሣቀ የለም። ሸዋዬ ጠመኔውን ይዛ ቆማ ሳለ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ የሄደ ነገር መጣባት።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አበባው የሚባል ጎረቤታቸው ነበር፤ ዋሽንት የሚነፋ፣ ለልጆች እሸት የሚያካፍል። የጎረቤት በሬ ጠፋ፤ አውጫጭኝ ተቀመጡ፤ ወፏ አበባውን ጠራች። «እኔ አይደለሁም» አለ። አባቷም «አገር የተናገረውን እኔ ምን አደርጋለሁ?» አሉ። አበባው ልጆቹን ይዞ ወደ ራያ ተሰደደ። በበጋው ገደሉ ሥር እንጨት ለቀማ የሄዱ ሴቶች የበሬውን አጽም ከነደወሉ አገኙት። ሰደው አስፈለጉት፤ ሰውዬው ወዴት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። አባቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ከዋርካው ሥር አልተቀመጡም። ሊሞቱ ሲሉ እንኳ ጠርተውት ነበር፤ «አበባው መጣ?» እያሉ።

የሕጉን ምዕራፍ ያነበበች ዕለት ልቧን የነካት ይኸው ነበር። እና እሷው ራሷ፣ በገዛ እጇ፣ በቁና ሰብስባ!

«ሚስባህ» አለች፣ «የትናንቱ በየትኛውም አንቀጽ የለም። የጣስኩት እኔ ነኝ። ስታጠፉ ታርሙታላችሁ ብዬ አስተምሬያችኋለሁ፤ እኔም አርመዋለሁ።»

ከክፍል ወጥታ ቀጥ ብላ ወንድሙ ቢሮ ገባች።

«ጉዳዩ ይከፈት።»

«የቱ ጉዳይ?»

«የቡርቱካን። ማንም አየኋት አላለም። እሷንም አልሰማናትም።»

«እትዬ ሸዋዬ፣ ዘዴውን ያመጡት እርስዎ ነዎት እኮ!»

«እኔ ነኝ። ስለዚህ የምመልሰውም እኔ ነኝ።»

ወንድሙ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ወረዳው ስም ጠይቆኛል፤ ስም ሰጥቻለሁ። የፈተናው ዝርዝር በአሥር ቀን ውስጥ ይሄዳል። ደግሞም የሰኔ ግምገማ አለ። ራዲዮኑ በማን ፊርማ እንደወጣ ይነሣል። እኔ እርስዎን ለማዳን ነው እንዲህ የምሆነው።»

ውሸቱን አልነበረም። ቡርቱካን ሌባ ከሆነች የሸዋዬ ፊርማ ይረሳል። ቡርቱካን ሌባ ካልሆነች ግን ጣት የሚዞረው ወደ ሸዋዬ ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ ግምገማ ላይ የወደቀ መምህር ደረጃው ይቀራል፣ ወይ ሩቅ ገጠር ይመደባል።

«ይነሣ» አለች። «ልጅቱን ጥለህ አታድነኝ።»

«መመሪያ ካለ ያምጡና እናያለን። በወሬ አልከፍትም።»

መመሪያው ትምህርት ቤት ውስጥ የለም። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠየቀች፤ «ነበረ፣ አሁን ማን እንደወሰደው አናውቅም» አሏት። ዓርብ ከሰዓት ክፍል አልነበራትም፤ ሚኒባስ ተሳፍራ ወልድያ ወጣች። ዞን ትምህርት መምሪያ ስትደርስ ጸሐፊዋ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ነው።

«ሰኞ ይምጡ፣ እትዬ።»

«ሰኞ አስተምራለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ?»

«መዝጊያውን አትዝጊው፣ የኔ እናት። አገላብጬ አገኘዋለሁ።»

ጸሐፊዋ አየቻት፣ ተነፈሰች፣ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ከአሮጌ ፋይል ክምር ሥር፣ በአቧራ ተለውሶ፣ የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት መመሪያ ተገኘ። ፎቶ ኮፒው ተበላሽቷል። ሸዋዬ የጸሐፊዋ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ የምትፈልገውን ገጽ በእጇ ገለበጠችው፤ ማኅተም አስመታችበት። ተማሪ ከመሰናበቱ በፊት የተከሰሰበት ይነገረዋል፣ መልሱ ይሰማል፣ ምስክር ፊት ለፊት ይቀርባል ይላል። ውሳኔውም የርእሰ መምህሩ ብቻ አይደለም፤ የወላጆች ኮሚቴም ይቀመጥበታል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሙሐመድዘይን ናቸው፤ ከመርሳ ወንዝ ማዶ የማንጎ አትክልት ያላቸው ሽማግሌ። ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄደች። መመሪያውን አነበበችላቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሟት።

«አውጫጭኝ እኮ የአባቶቻችን ነው፣ ሸዋዬ። ስንት ነገር አውጥቷል።»

«አዎ ጋሽ ሙሐመድዘይን። የኔ አባት ግን አንድ ንጹሕ ሰው አገር አስለቅቀው፣ በዚያው ጸጸት ሞቱ። እኔ በዚህች ልጅ አልሞትም።»

«በሚቀጥለው ቅዳሜ እንቀመጥ» አሉ። «ኢንሻ አላህ።»

ከዚያ ወደ ቡርቱካን አክስት ቤት ወረደች። ሴትዮዋ ማንጎ እየደረደረች ነበር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየቻት።

«ሌባ ታሳድጋለች አልተባልኩም እንዴ? ምን ቀረዎት?»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ለቅዳሜም ልጥራችሁ።»

ቡርቱካን ከጓዳ ብቅ አለች። «ይጠይቁኛል?»

«ይጠይቁሻል። የፈለግሽውን ትመልሻለሽ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ።»

በዚያ ቅዳሜ የስምንተኛ «ለ» ወንበር ሞላ። ጋሽ ሙሐመድዘይን ከሁለት ወላጆች ጋር ከፊት ተቀመጡ፤ ወንድሙም ከጎናቸው፣ ኮስተር ብሎ። ሽማግሌው ሰላምታ ሰጡና ነገሩን ከፈቱት፦

«አሥራ ዘጠኝ ልጆች የዚችን ልጅ ስም ጽፋችኋል። ዛሬ ወፍ የለም። ያየ ይነሣና በስሙ ይናገር።»

ማንም አልተነሣም።

«አይ እንግዲህ! አሥራ ዘጠኝ ሆናችሁ አንድ ዓይን የላችሁም?»

ካሳዬ ተነሣ፤ ጆሮው ቀልቷል።

«እኔ ጽፌያለሁ።»

«ምን አየህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ጻፍክ?»

«እሷም እኔን ትጽፈኛለች። አራት ጊዜ ጠርጌያለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትባረራለች አላሉንም፤ ትንሽ እንድትደነግጥ ብዬ ነው።»

ከወዲያ አንዷ፣ «እኔም» አለች። ከወዲህ ሌላው፣ «እኔ የካሳዬን ወረቀት አይቼ ነው የጻፍኩ።» አንዱ ከሌላው እየቀለለው ሲሄድ አሥራ አንድ ሰው ተነሣ። ራዲዮኑን በእጇ ያየ ግን አንድም ጠፋ።

ከዚያ ቡርቱካንን ጠየቋት። ቆማ መለሰች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አወጣች።

«ሰኞ ትምህርቱ ሲያልቅ ራዲዮኑን ከሚስባህ ጋር ተሸክመን መጋዘን አስገባን። መቆለፊያው ከጥምቀት ጀምሮ ተሰብሯል፤ በሩ በሽቦ ነው የሚታሰር። አሰርነውና ሄድን። ለጋሼ ወንድሙ መቆለፊያው ይሠራ ብዬ በየካቲት ነግሬያቸዋለሁ። ቀኑን ጽፌዋለሁ።» ደብተሯን ገልጣ አሳየች።

ሚስባህም፣ «ሽቦውን ያጠማዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ጣቴን ቆርጦኛል» ብሎ ጠባሳውን ዘረጋ።

ወንድሙ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «ጥሩ፤ ይሁን። ታዲያ ራዲዮኑን ማን ወሰደው?»

«አናውቅም» አለች ሸዋዬ።

«ለወረዳ ‹አናውቅም› ብለን እንጻፍ?»

«እንጻፍ። እውነቱ እሱ ነው። መቆለፊያ ሳይጠግን የቆየው ትምህርት ቤት፣ ፈርሜ ተረክቤ ሳላረጋግጥ የሄድኩት እኔ፣ ብለንም እንጻፍ። የምንከሰው ሰው ግን የለንም።»

«ግምገማው ላይ ግለ ሂስ ቢያደርጉ አይሻልም ነበር? እዚህ በልጆች ፊት…»

«የበደልኩት እዚህ ነው፣ ወንድሙ።»

ጋሽ ሙሐመድዘይን በሁለቱም በኩል ያሉትን ወላጆች አዩ፤ ራስ ተነቀነቀ። «ያልታየ ነገር አይፈረድበትም። ልጅቱ ሰኞ ትግባ። ስሟም ዛሬውኑ ወደ ፈተናው ዝርዝር ይመለስ፤ ሲጻፍ ሳላይ ከዚህ አልነሣም።» ወንድሙ ዝርዝሩን አስመጣና ከፊታቸው ጻፈው። እውነት ለመናገር፣ ሲጽፍ ፊቱ ቀለል ብሎት ነበር።

ራዲዮኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቡርቱካን ተፈተነች፣ አለፈች። ሰኔ ላይ ግምገማው መጣ፤ የሸዋዬ ነገር ተነሣ። የደረጃ ዕድገቷ ቀረ፤ በዓመቱም ከመርሳ ሁለት ሰዓት በእግር ወደሚያስኬድ ገጠር ተመደበች፤ እዚያም የመጀመሪያ ሥራዋ ሰፊ ወረቀት መግዛት ነበር። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ከዓመታት በኋላ ያ ዘመን ሲነሣ በሰዉ አፍ ላይ የሚቀድመው ቡርቱካን የተመለሰችበት የዚያ ሰኞ ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ ቡርቱካን ቦታዋ ላይ ነበረች። ሸዋዬ ከፊቷ ሄዳ ቆመች፤ ተማሪ እንደሚቆመው፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ።

«አለቃ፣ ጻፊኝ።»

ቡርቱካን ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ ደብተሯን ገለጠች፣ እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ ነቀለች፣ ጻፈች። ስትጽፍ አፏን ታንቀሳቅስ ነበር፦ «ቲቸር ሸዋዬ። አንቀጽ አራት። አንድ ሳምንት።»

ከትምህርት በኋላ ሸዋዬ ነጠላዋን በወገቧ አደገደገች። ከጉድጓዱ ውሃ ቀድታ አመጣች፣ ረጨች፣ ከዳር ጀምራ መጥረግ ያዘች። ልጆቹ ወደ ቤት አልሄዱም፤ በበሩና በመስኮቱ ተደርድረው ያያሉ። አቧራው ሲነሣ አስነጠሳት። ካሳዬ አልቻለም፤ ዘሎ ገባና መጥረጊያውን ከእጇ ሊቀበል ጎተተ።

«ይስጡኝ ቲቸር፣ እኔ ለምጄዋለሁ!»

«ካሳዬ!» አለች ቡርቱካን ከበሩ። «ልቀቅ። ‹ብቻውን› ይላል።»

ካሳዬ መጥረጊያውን ለቀቀ። ሸዋዬ ግድግዳውን ቀና ብላ አየች፣ የገዛ ፊርማዋን አየች፣ ጎንበስ ብላ ወደ ቀጣዩ ረድፍ አለፈች።